ልጃችሁ ኳርተርባክ ከሆነ፦ ከደሴ ሆኖ ጉዞውን መከታተያ መንገድ

ደሴ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ 26 ዓመት ሞላኝ። ያደግኩት በእግር ኳስ ነው፣ ያስተማርኩትም እሱኑ ነው። እህቴ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ትኖራለች። የበኩር ልጇ ገና በ12 ዓመቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ኳርተርባክ አደረጉኝ» ሲለኝ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ቤታችን አልነበረም። ኳርተርባክ በአሜሪካ ፉትቦል ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳሱን ለጓደኞቹ የሚወረውረው ተጫዋች ነው። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ «ምን አደረጉት? ማን ነው ያደረገው?» እያለች ስልኩን ከእጄ ልትወስደው ደረሰች።

ያ ልጅ አሁን 24 ዓመቱ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ፕሮፌሽናል ሲያልፍ እኔም ከዚህ ሆኜ አብሬው ተማርኩ። ብዙ ተሳሳትኩ፣ ጥቂቱን አረምኩ። ልጃቸው ወይም የወንድማቸው ልጅ በዚሁ መንገድ የገባባቸው ሰዎች ምን ላድርግ ብለው ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን እነሆ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። ኳርተርባክ ከሚጫወትበት የሚጠብቅበት ጊዜ ይበልጣል። በአንድ ቡድን ሦስትና አራት ኳርተርባክ ይኖራል፣ ሜዳ የሚገባው ግን አንዱ ነው። ያ አንዱ ካልተጎዳ ወይም ጨዋታው ካልተበላሸበት አይወጣም። ሁለተኛው ሳምንቱን ሙሉ እንደሚሰለፍ ሰው ተዘጋጅቶ፣ በጨዋታው ቀን ንጹሕ ማሊያ ለብሶ ቆሞ ይውላል። ቤተሰብ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ይህን ጥበቃ ማንበብ ነው።

ሜዳውን በእግር ለኩት

ሕጉን ከስልክ ቪዲዮ ለመማር ሞክሬ አልገባኝም። የገባኝ ሆጤ ሜዳ ወርጄ በእርምጃ ስለካው ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ በሁለቱ ጫፍ ካሉት የማስቆጠሪያ ክልሎች ጋር 120 ያርድ፣ ወደ 110 ሜትር ይረዝማል። ከአንድ ትልቅ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ብዙም አይለይም። ስፋቱ ግን 49 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጠበብ ይላል። መካከሉ 100 ያርድ ነው፣ ጫፎቹ አሥር አሥር። ያርድ ከሜትር በጥቂት ያንሳል፤ የአንድ ረጅም ሰው እርምጃ በሉት።

ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ሙከራው ዳውን ይባላል። አሥሩን ያርድ ከሞላ አራቱ ሙከራ እንደ አዲስ ይጀምርለታል፤ ካልሞላ ኳሱ ለባላጋራው ነው። ስለዚህ በሦስቱ ያልተሳካለት ቡድን ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን አርቆ ይለጋል፣ ባላጋራው ከሩቅ እንዲጀምር። ለግቡ ከቀረበ ደግሞ በእንጨቶቹ መሃል ለግቶ 3 ነጥብ ይወስዳል። ኳሱን ይዞ ማስቆጠሪያ ክልሉ የገባ፣ ወይም እዚያው ውስጥ የተቀበለ፣ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ታችዳውን የሚሉት ይህ ነው። ከዚያ በምት 1፣ ወይም እንደገና ሞክሮ በመግባት 2 ይጨምራል።

እናቴ ይህን በቡና ያዘችው። «አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በሦስቱ ጉዳይህ ካላለቀ አራተኛው የሰው ነው» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ሦስተኛው ዳውን በረካ ነው የሚባለው። ልጁ በደወለ ቁጥር «በረካው ላይ ምን አደረግክ?» ትለዋለች። ይህ ጥያቄ አንድ አሰልጣኝ ከሚጠይቀው አይርቅም። በሦስተኛው ሙከራ ብዙ ያርድ ሲቀር ኳርተርባኩ እንደሚወረውር ሜዳው ሁሉ ያውቃል፤ ተከላካዮቹም ያንኑ ብለው ይጠብቁታል። እዚያ ላይ ኳሱን ለጓደኛው የሚያደርስ ልጅ ቦታውን ያገኛል።

ዓይናችሁ ኳሱን እንዳይከተል

በእግር ኳስ የሠለጠነ ዓይን ኳስ ይከተላል። እዚህ እንደዚያ ያየ ሰው ልጁ ምን እንደሠራ ሳያውቅ ጨዋታው ያልቅበታል፤ የኳርተርባክ ሥራ እኩሌታው የሚያልቀው ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ነውና። በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል አንዱ ሙከራ አልቆ ሌላው እስኪጀመር 40 ሰከንድ አለ። የአሰልጣኙ ድምፅ በኳርተርባኩ ሄልሜት ውስጥ ባለ ሬዲዮ ይገባል፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ሬዲዮው ይዘጋል። ሄልሜቱ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ ሬዲዮ ያለው ተጫዋች እሱ ነው። ከተዘጋ በኋላ ብቻውን ነው።

እነዚያን 15 ሰከንዶች እዩ። ልጁ ያስተማረኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ከኋላ የቆሙትን ተከላካዮች ቁጠር።» ከኋላ አንድ ብቻ መሃል ላይ ከቆመ በጫፎቹ በኩል ረጅም ኳስ ሊኖር ይችላል። ሁለት ሆነው ሜዳውን ከተካፈሉት መሃሉ ሊላላ ይችላል። ባላጋራም ይህን ስለሚያውቅ አንድ መስሎ ቆሞ ኳሱ ሲነሳ ሁለት ይሆናል። ኳርተርባኩ ያንን ለይቶ፣ ኳሱን የሚቀበለው ሯጭ ገና ያልደረሰበትን ቦታ መርጦ፣ በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ውስጥ መወርወር አለበት። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች በዚያው ጊዜ እየመጡበት ነው።

ኳሱ ከተነሳ በኋላ ደግሞ እግሩን እዩ። እኔ መምህር በመሆኔ ቶሎ የታየኝ ይህ ነው። ያመነበት ልጅ እግሩ አጫጭርና ዝግ ያለ ነው፣ ወገቡ ወደሚወረውርበት ይዞራል። የተጠራጠረ ልጅ በአንድ ቦታ ይረግጣል፣ ተረከዙ ላይ ይቀራል። ኳሱ ደርሶ እንኳ የመጀመሪያው መልካም፣ የሁለተኛው ዕድል ነው። የእህቴን ልጅ ጨዋታ ስከታተል ከነጥቡ ይልቅ ይህን ነበር በደብተር የምመዘግበው።

አወራወሩን ራሳችሁ ካልሞከራችሁት ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ልጁ ሊጠይቀን መጥቶ ኳሱን ይዞ ነበር። ክብደቱ 400 ግራም ያህል ነው፣ ከእግር ኳስ ጥቂት ቢቀል ነው፤ ግን 28 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው። ዝናቡ ባባራ ሰዓት ሆጤ ይዘነው ስንወርድ ልጆች ከበቡን፣ «እንቁላል ኳስ» አሉት። እንዲህ አሳያቸው፦ ጣቶች በኳሱ ክር ላይ፣ አውራ ጣት ከሥር፣ መዳፍ ኳሱን ሳይነካ። በቀኝ የሚወረውር ግራ እግሩን ወደ ዒላማው ያደርጋል። መጀመሪያ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክርን ከትከሻ ዝቅ ሳይል ያልፋል፣ እጅ መጨረሻ ነው። ኳሱ ከእጅ ሲወጣ አውራ ጣት ወደ ታች ይመለከታል።

ከልጆቹ መካከል ወዲያው የያዘው የቃሉ ወረዳ ልጅ ነበር፣ ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ። ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ የወረወረ ሰው ኃይል ከዳሌ እንደሚነሳና ክንድ ኋላ እንደሚመጣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ኳሱ በአየር ላይ እየተሽከረከረ ሲሄድ የእህቴ ልጅ ጮኸ። ለሱም ቢሆን ኳሱ ከለመደው ርቆ ይሄድለት ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በአሜሪካ በከፍታዋ የምትታወቀው የኤንኤፍኤል ከተማ ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያም ኳስ እንደሚርቅ ይነገራል።

ሰዓቱን ከወዲሁ ቀይሩት

ይህ አጭር ነው። የኮሌጅ ጨዋታ ቅዳሜ፣ የፕሮፌሽናሉ በብዛት እሑድ ነው። የኮሌጁ በነሐሴ መጨረሻ፣ ኤንኤፍኤል በእንቁጣጣሽ ሰሞን ይጀምራል። በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጀመረው የእሑድ ጨዋታ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ሲመልሱ 3 ሰዓት ይሆናል። የእሑድ ማታው ጨዋታ ለእኛ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። የዋንጫው ጨዋታ ሱፐር ቦውል በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይጀመራል። ዳታ የሚያልቅባችሁ ከሆነ በቀጥታ ለማየት አትድከሙ። የሱን ሙከራዎች ብቻ ቆርጦ እንዲልክላችሁ ልጁን ጠይቁት፤ ቡድኑ ለጥናት ስለሚጠቀምበት ቅጂው አለው። 15 ደቂቃ አይሞላም፣ መላልሳችሁ ታዩታላችሁ።

የኮሌጅ ዓመታት

ኮሌጅ ላይ አራት የውድድር ዘመን ለመጫወት የሚሰጠው ጊዜ አምስት ዓመት ነው። አንዱ ዓመት ሳይሰለፉ የሚሠለጥኑበት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ «ዘንድሮ አልጫወትም» ካለ ተባረረ ማለት አይደለም። እኛ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይህን ባለማወቃችን እህቴን በጥያቄ አስለቀስናት።

የገባበት ኮሌጅ ትንሽ ነበር። አሰልጣኙ በሁለተኛው ዓመት ቦታው ያንተ ነው ብሎ ቃል ከገባለት በኋላ ከሌላ ኮሌጅ ልጅ አምጥቶ አስቀደመበት። ያኔ ተናደድኩ፣ ዛሬም ደስ አይለኝም። ግን አሠራሩን ማወቅ ይገባል፦ ከ2018 ጀምሮ (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡበት የዝውውር መዝገብ አለ። በዚያ በኩል በየዓመቱ ልጆች ይሄዳሉ፣ ልጆች ይመጣሉ። የሚገፋው በር የሚከፍተውም ነው። ጆ ባሮው የሚባል ኳርተርባክ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ቦታ አጥቶ በ2018 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ2019 የውድድር ዘመን 60 የታችዳውን ኳስ ወረወረ፣ ቡድኑ 15ቱንም ጨዋታ አሸነፈ፣ እሱም የኤንኤፍኤል ቡድኖች ከኮሌጅ በሚመርጡበት በ2020 ድራፍት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ይህን ለልጁ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ እሱም ተዛወረ፣ ባሮው ግን አልሆነም። ምሳሌ ስትነግሩ ልክ እንደዚያ ትሆናለህ ብላችሁ አትንገሩት።

ከመዛወሩ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት የተሰለፈበትን ጨዋታ አላየነውም። 2014 ዓ.ም. ነበር፣ ጥቅምት መጨረሻ፤ ጦርነቱ ደሴ የገባበት ሰሞን። ስልክም ኢንተርኔትም ጠፋ። አያቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ሜዳ ገባ። መስመር ተመልሶ ስንገናኝ እናቴ ስለ ጨዋታው ጠየቀችው፣ እሱ ስለ ቤቱ ጣሪያና ስለ ጎረቤት ጠየቃት። እርስ በርስ መልስ ሳይሰጣጡ ሁለቱም አለቀሱ። ጨዋታውን በቅጂ ያሳየኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሦስተኛው ሩብ ላይ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ደብተሬ ላይ ግን ምንም አልጻፍኩበትም።

በቁጥር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የኳርተርባክን አወራወር የሚመዝን ነጥብ አለ፤ የኤንኤፍኤሉ ከፍተኛው 158.3 ነው። የኮሌጁ በሌላ ቀመር ስለሚሰላ ከዚያም ያልፋል። ሁለቱን አታወዳድሩ። እኔ ከዝነኛው የኤንኤፍኤል ኳርተርባክ ከቶም ብራዲ ጋር አወዳድሬ «ከብራዲ ይበልጣል» ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ነበር፤ የተሳሳተ ነገር ስላወራሁ መልሼ ማረም ነበረብኝ።

የድራፍት ሌሊት

ድራፍት ማለት 32ቱ የኤንኤፍኤል ቡድኖች ከኮሌጅ የጨረሱትን ተራ በተራ የሚመርጡበት ነው። ሰባት ዙር አለው፣ በሚያዝያ ሦስት ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያው ዙር ለእኛ አርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀመራል፤ ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ያለው ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ልጃችሁ ከትንሽ ኮሌጅ ከሆነ ተስፋው ያለው ቅዳሜ ነው።

የእኛ ቅዳሜ ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፣ የሆሳዕና ዋዜማ። እናቴ ትልቅ ድፎ ዳቦ ደፋች። ጎረቤቱን ሁሉ የጠራሁት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ሐጂ መጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ እኛ አሜን አልን። ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካ ተጠጣ። ስም ይጠራል፣ የእኛ አይደለም። እንደገና ይጠራል፣ አይደለም።

በዚያ ዓመት 257 ስም ተጠራ። ከነዚያ ውስጥ ኳርተርባክ 11 ብቻ ነበሩ። ስድስቱ በመጀመሪያው ሌሊት፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ምርጫዎች ውስጥ አለቁ። ከዚያ እስከ 150ኛው ድረስ አንድ ኳርተርባክ አልተጠራም። የመጨረሻው በ245ኛ ተጠራ። ከሱ በኋላ 12 ስሞች ቀርተው ነበር፤ እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አለቀ። እናቴ ያልተቆረሰውን ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ሰው አንድ በአንድ «ለበጎ ነው» እያለ ወጣ። ሐጂ ብቻ ቆዩ። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ለልጁ የድምፅ መልእክት ላኩለት፦ «አብሽር ልጄ። አላህ ሌላ በር አለው።»

ስለዚህ የምመክራችሁ፦ ሰው አትሰብስቡ። የዚያን ሌሊት ልጁ የራሱን ሐዘን ትቶ የኛን እፍረት ማሰብ ጀመረ፤ ይህን ሸክም የጫንኩበት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ብቻ ይቀመጥ። ደግሞም ድራፍቱ ሲያልቅ ስልክ አትያዙበት። ያልተመረጡትን ቡድኖች የሚደውሉላቸው በዚያች ሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ ከአንድ ቡድን የሦስት ቀን የሙከራ ጥሪ ያገኘው ከድራፍቱ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነበር፤ እኔ ለማጽናናት ደጋግሜ ስደውል መስመሩን ይዤበት ነበር።

ምርጫው የሰውን መጨረሻ እንደማይናገር የሚያሳዩ የታወቁ ታሪኮች አሉ፣ ለሰፈራችሁ ንገሩ። ቶም ብራዲ በ2000 ከሚሺጋን ወጥቶ በ199ኛ ተመረጠ፣ በመጀመሪያው ዓመት የገባው አንድ ጨዋታ ላይ ነው። በመስከረም 2001 ዋናው ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶ ሲጎዳ ቦታውን ያዘ፣ ሰባት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ብሮክ ፐርዲ በ2022 ከተመረጡት 262 የመጨረሻው ነበር። ከሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ ሲጎዱ በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ገባ፣ በ2025 የአምስት ዓመት የ265 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በ2007 አንደኛ የተመረጠው ጃማርከስ ራስል ደግሞ ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነው የቆየው። ፐርዲም ብራዲም የገቡት ሌላ ሰው ተጎድቶ ነው። ልጃችሁ የሚጠብቀው ዕድል በጓደኛው ጉዳት ሊመጣ ይችላል፤ ይህን ማሰብ ለልጁ ከባድ ነው፣ ሳይጠየቅ አታንሱበት።

ካልተመረጠ በኋላ

የሙከራ ጥሪ ውል አይደለም። ቡድኖቹ በክረምት 90 ሰው ይይዛሉ፣ በነሐሴ መጨረሻ ወደ 53 ያወርዳሉ። ከተሰናበቱት ጥቂቶቹ በልምምድ ቡድን ይቆያሉ፤ በ2024 የዚያ ዝቅተኛው ክፍያ በሳምንት 12,500 ዶላር ነበር። ሳምንቱን አስምሩበት። ከማንኛውም ሳምንት በኋላ ሊቆም ይችላል። ሰፈር «ሚሊየነር ሆነ» ማለት ሲጀምር እናንተ ዝም አትበሉ፣ ምክንያቱም ብድር የሚጠይቀው ሰው ልጁ ጋ ነው የሚደውለው።

ወኪል ነኝ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ በሩን ዝጉ። እህቴን አንዱ «ለምዝገባ» ብሎ ብዙ ዶላር ወስዶባታል። የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች ማኅበር ፈቃድ የሚሰጣቸው ወኪሎች ድርሻቸው ቢበዛ ከመቶ 3 ነው፣ የሚወስዱትም ተጫዋቹ ሲከፈለው ነው።

የእህቴ ልጅ ከሦስቱ ቀን በኋላ ሳይፈርም ተመለሰ። ኮሎምበስ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሌሊት እየሠራ ጠዋት ጠዋት ይወረውር ነበር። ድምፁ የቀዘቀዘው ያኔ ነው። ስለ ከርት ዋርነር የነገርኩት በዚያን ጊዜ ነው፤ ስሙን ያውቃል፣ ታሪኩን በዝርዝር አያውቅም ነበር። ዋርነር ሰሜን አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ላይ ዋና ተሰላፊ የሆነው በመጨረሻው ዓመት ብቻ ነው። በ1994 አልተመረጠም፣ በግሪን ቤይ ቡድን ሞክሮ ተሰናበተ። ሴዳር ፎልስ ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሰዓት 5 ዶላር ከ50 እየተከፈለው ሌሊት ዕቃ ይደረድር ነበር። ከዚያ በአዳራሽ ውስጥ በሚካሄደው፣ ሜዳው በግማሽ ባጠረው ሊግ ተጫወተ፣ ቀጥሎ አምስተርዳም ሄደ። በ1999 በ28 ዓመቱ ሴንት ሉዊስ ላይ ዋናው ትሬንት ግሪን ጉልበቱን ሲጎዳ ገባ። በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተባለ፣ በጥር 2000 ሱፐር ቦውሉን 23 ለ16 አሸነፈ።

የልጁን ሐሳብ የቀየረው ግን ዋረን ሙን ነው። ሙን በ1978 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ሮዝ ቦውል በሚባለው ታዋቂ የኮሌጅ ጨዋታ ለድል አብቅቶ የጨዋታው ኮከብ ሆኗል። ጥቁር በመሆኑ ቡድኖች በኳርተርባክነት አላመኑትም፣ ቦታ እንዲቀይር ፈለጉ። እሱ አልቀየረም፣ ካናዳ ሄደ። ከኤድመንተን ጋር ከ1978 እስከ 1982 አምስት ተከታታይ የካናዳ ዋንጫ ወሰደ። በ1984 በሂዩስተን በኩል ኤንኤፍኤል ገባ፣ በ2006 በፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። የእህቴ ልጅ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ለካናዳ የጨዋታ ቅጂዬን ልላክ?» አለኝ።

በስልክ ምን ይባላል

«ተጫወትክ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ተቀያሪ የሆነ ልጅ ይህን ጥያቄ በሳምንት ከአሥር ሰው ይሰማል፣ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው። እኔ «በዚህ ሳምንት ምን አየህ?» እለዋለሁ። ያኔ አንድ ሰዓት ያወራል፦ የባላጋራው የኋላ ተከላካይ ቦታ ሲቀይር መጀመሪያ ትከሻውን እንደሚያዞር፣ አሰልጣኙ አዲስ ሙከራ እንደጻፈ። ስለ ጭንቅላት ምት ደግሞ ሳታፍሩ ጠይቁ። ብርሃን ይረብሸዋል ወይ፣ እንቅልፍ አለው ወይ፣ ያነበበውን ያስታውሳል ወይ። ልጆች ቦታቸውን እንዳያጡ ይደብቃሉ፤ ለአሰልጣኝ የደበቀውን ለአያቱ ሊናገር ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ካናዳ ተጠራ፣ በልምምድ ቡድን ቀረ፣ ነሐሴ ላይ ሦስተኛ ኳርተርባክ ሆኖ ተመዘገበ። እዚያ ሕጉ ይለያል፦ ተጫዋቹ 12 ነው፣ ሙከራው ሦስት ብቻ ነው። ለእናቴ ስነግራት «እንግዲህ ልክ እንደ ቡናችን» አለች። ሌላም ልዩነት አለ። ተከላካዮች ከኳሱ አንድ ያርድ ርቀው መቆም አለባቸው። ስለዚህ በሦስተኛው ሙከራ አንድ ያርድ ብቻ ሲጎድል ቡድኖች ተቀያሪውን ኳርተርባክ ያስገቡና ኳሱን ደረቱ ላይ አቅፎ ራሱ እንዲገፋ ያደርጋሉ። ዋናውን ላለማስጎዳት ነው። ማንም የማይመዘግበው የሥራ ዓይነት ነው፣ እሱ ግን ለዚያ ሲዘጋጅ ነበር የከረመው።

አንድ ሌሊት ከ8 ሰዓት ጀምሮ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን እያየን ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ሁለተኛው ሩብ ላይ ሄልሜቱን አጥልቆ ሲሮጥ አየሁት። ኳሱን ተቀበለ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሰዎቹ ሥር ገባ፣ ከሥር ሲወጣ ሁለት ያርድ ሄዶ ነበር። ወዲያው ወጣ፤ በዚያን ቀን ደግሞ አልገባም።

ሲነጋ ደወለ። እናቴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «በረካው ላይ ነው?» አለችው።

«አዎ እማማ፣ በረካው ላይ ነው።»